አባቴ ብዬ የቀበርኩት አጥንት

የአባቴ ያልሆነን አጥንት አባቴ ብዬ አልቅሼ ቀብሬአለሁ። ሰው ሲሰማው ይስቃል። እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ። ፍጻሜው ደግ ስለሆነ እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ እንደነበረው ልጻፈው።

መርሳ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የተወለድኩት ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ባለ መንደር ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን፣ አባቴ እህል ፍለጋ ወደ ሐራ ወርዶ አልተመለሰም። ሞቷል ያለን የለም። በሕይወት አለ ያለንም የለም። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም፤ ፀጉሯን አልተላጨችም። "መንገደኛ ነው፤ ይመጣል" ትል ነበር። በየፋሲካው የእሱን ድርሻ ለብቻ ታስቀምጥና ማግስቱን ለነዳያን ትሰጠዋለች።

እኔ አመሻሽ ላይ የአጥራችን በር ላይ ቆሜ የቁልቁለቱን መንገድ አያለሁ። ሰው ብቅ ሲል ልቤ ይዘላል። ሲቀርብ ሌላ ሰው ይሆናል። ልጅነቴን ሳስብ ከሁሉ በፊት ዓይኔ ፊት የሚመጣው ያ መንገድ ነው፤ አቧራው፣ ከብቶቹ፣ የማታዋ ፀሐይ። ያሳዝነኛል፤ ደግሞም ይናፍቀኛል።

እናቴ መመንኮስ ትመኝ ነበር። ግን ባሏ ይኑር ይሙት ያልታወቀ ሴት እንዴት ብላ ቆብ ትደፋለች? እንዲሁ ሆና ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረች።

አንድ ጥር ላይ የቀበሌው ሰው በሙሉ ለእርከን ሥራ ወጣ። ቅዳሜ ነበር። እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ስለነበር ለሠራተኛው ውኃ ይዤ ወረድኩ። ጋሼ ሰይድ፣ ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ ሙስሊም ጎረቤታችን፣ የገደሉን ግድግዳ በዶማ ይንዳሉ። ድንገት ዶማቸውን ጣሉ።

"ያ ረቢ! አጥንት ነው" አሉ።

ሰው ተሰበሰበ። አንድ ረጅም የእግር አጥንት፣ ሦስት ጎድን፣ ጥቂት የአከርካሪ አጥንቶች ወጡ። ራስ አልነበረም። አንዱ "የክፉ ቀን ሰው ነው" አለ። በዚያ ገደል አፋፍ የሚያልፈው ወደ ሐራ የሚወርደው የድሮ መንገድ ነው። ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም። አጥንቱን ታቅፌ "አባቴ ነው" አልኩ። እንደ ድንጋይ ይከብድ ነበር። ስንት ዘመን አፈር ሲጠጣ ኖሮ ነው ብዬ ለራሴ መለስኩ።

አይደለም ያለኝ ሰው የለም። እናቴን ጠሯት። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መዳፏን በረጅሙ አጥንት ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አሳለፈች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችና "አዎ፤ እሱ ነው" አለች። አላለቀሰችም።

በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ቀበርነው። መምሬ ዓለሙ ፍትሐቱን አደረሱ። እስላም ክርስቲያኑ ሦስት ቀን ከእኛ ጋር ሐዘን ተቀመጠ። አርባው ካለፈ በኋላ እናቴ ቆብ ደፋች፤ እማሆይ ተባለች። በየወሩ በመታሰቢያው ቀን መቃብሩ ዘንድ ትሄዳለች። እኔም መንገድ ማየት ተውኩ።

ዓመታት አለፉ። በቀብሩ ጊዜ ተማሪ የነበረችው አንዲት ልጄ ማርታ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምድር ጥናት መረጠች። ድንጋይ ለማየት መማር ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም ነበር፤ ግን ደስ ብሏት ስላየሁ ዝም አልኩ። በአንድ ክረምት እረፍት ወደ ገደሉ ወርዳ፣ ጎርፍ የናደው ቦታ ላይ ከድንጋዩ ንብርብር መሀል የወጣ ነገር አየች። ለመምህሯ ነገረችው። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ መምህሩ ከወረዳው የፈቃድ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ናትናኤል ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። ጋሼ ሰይድን ለቁፋሮ አብረዋቸው እንዲሠሩ ለመነ።

ሐሙስ ሥራ ጀመሩ። እኔም ፈቃድ ወስጄ መንደር ነበርኩ። ዓርብ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የጾም ምሳ ይዤላቸው ወረድኩ። ልጄ ተንበርክካ አንዲት የድንጋይ ስባሪ በምላሷ ስትነካ ደረስኩ።

"አንቺ! ምን እየላስሽ ነው?" አልኳት።

ደንግጣ ቀና አለች። መምህሩ ሳቀ።

"እናቴ፣ አይቆጧት። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ተራ ድንጋይ ምላስ ላይ አይጣበቅም። አጥንት የነበረ ግን ብዙ ጊዜ ያዝ ያደርጋል። አንዱ መለያችን ነው።"

"እና ከጧት ጀምሮ በዓርብ ምድር ስትልስ ነው የዋለችው?"

"አልዋጥኩትም እኮ እማዬ!" አለች ማርታ።

ጋሼ ሰይድ ዶማቸውን ተደግፈው "ተያት አሰለፍ" አሉኝ። "ገደሉን ልሳ ልትጨርሰው ነው። ያመጣሽውን ምሳ ለእኔ አድርጊው፤ እሷ ጠግባለች።"

ስቀን ተቀመጥን። ከበሉ በኋላ መምህሩ ያገኙትን አሳየኝ። በትንሽ ብሩሽ አፈሩን ጠረገው። ጥርስ የተደረደረበት መንጋጋ ብቅ አለ። ጥርሶቹ ሰፋፊ ነበሩ፤ ጥቁርና የሚያበሩ።

"የምን ነው?" አልኩት።

"ገና በርግጥ አላወቅንም። ከሽኮኮ ወገን ይመስላል።"

ጋሼ ሰይድ ጣልቃ ገቡ። "ሽኮኮ? ይሄ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቀው?"

"አዎ አባቴ። የዛሬው ጥንቸል ያክላል። የጥንቱ ዘመዱ ግን አህያ የሚያክልም ነበረው።"

"ሱብሃነላህ! አህያ የሚያክል ሽኮኮ ማሳዬ ውስጥ ቢገባ ምን እሆን ነበር?"

መምህሩ ቀስ ብሎ አስረዳን። ይህ ገደል በጥንት ዘመን የሐይቅ ዳር ነበር። እንስሳው ሞቶ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ጭቃው ሸፈነው። በጭቃው ውስጥ የሚሰርገው ውኃ ማዕድን እያመጣ በአጥንቱ ውስጥ ሞላ፤ አጥንቱ መልኩን ሳይለቅ ድንጋይ ሆነ። በላዩ ደግሞ ከምድር ሆድ የወጣ እሳት ፈሰሰና ይህን ጥቁር ድንጋይ ሠራ። "ሰው ገና ሳይፈጠር" አለ። የፈጣሪ ትዕግሥቱ አስደነቀኝ። አማተብኩ።

ማርታ ግን መሳቅ ትታለች። እኔን ታያለች፤ ደግሞ የገደሉን ግድግዳ ታያለች። እኔም አየሁ። መንጋጋው የተገኘው የጋሼ ሰይድ ዶማ አባቴን ካገኘበት ቦታ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። ሳህኖቹን ሰብስቤ ወጣሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ማርታ መጣች። እጇን ታጠበችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ነው።"

"አትንገሪኝ" አልኳት። እንዲህ ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ነገረችኝ። መንጋጋው፣ ከዚያ የአንገቱ አጥንት፣ ከዚያ ጀርባው በአንድ መስመር ተጋድሟል። መስመሩ በዶማ ተቆፍሮ ባዶ የሆነ ቦታ ላይ ይደርሳል። ከባዶው ወዲያ የዳሌው አጥንት አለ። የኋላ እግሩ ግን የለም።

"ባዶው ቦታ እኛ ያወጣንበት ነው" አለች።

"አባቴን ሽኮኮ ነው ልትይኝ ነው?"

"አባትሽን አላልኩም። አጥንቱን ነው ያልኩት።"

"መምህርሽ ያውቃል?"

"አልነገርኩትም። የጎደለውን ጎርፍ ወስዶታል ብሎ ነው የሚያስበው። ከፈለግሽ እንደዚያው ብሎ ይጻፍ። እኔ ዝም እላለሁ።"

ይህን ማለት ከብዷታል። የመመረቂያ ጽሑፏ የሚሠራው በዚህ እንስሳ ላይ ነው። ግን የከበዳት ስለ ጽሑፏ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እውነት እንድትናገር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን ለእኔ ብላ ልትዋሽ ነው።

"እማሆይስ?" አለችኝ።

ይህ ነበር ጭንቁ። እናቴ ቆብ የደፋችው በዚያ መቃብር ምስክርነት ነው። ባሏ የተቀበረው እዚያ ካልሆነ፣ ምን ላይ ቆማ ነው የማለችው? ሰባ አምስት ዓመት ያለፋት ሴት ዕረፍቷን ብነጥቃት ምን ትሆናለች? ዝም ብል ደግሞ፣ በየወሩ ለአውሬ አጥንት ስትሰግድ እያየሁ እንዴት አብሬያት እቆማለሁ?

ቅዳሜ ጧት መምሬ ዓለሙ ዘንድ ሄድኩ። መስቀል ተሳልሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጺማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ።

"ሽኮኮ?" አሉ።

"ይመስላል ነው የሚሉት፣ አባቴ።"

"ፍትሐት አደረስኩለት እኮ!"

"አዎ አባቴ።"

"ጉድ ፈላ። 'መምሬ ዓለሙ ሽኮኮ ፈቱ' ሊለኝ ነው አገሩ። የቆሎ ተማሪው ሁሉ ቅኔ ሊዘርፍብኝ ነው።" ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆይተው ድምፃቸው ለዘብ አለ። "ግን ስሚኝ ልጄ። በጸሎቱ የጠራሁት የአባትሽን የክርስትና ስም ነው። ስሙ ወደሚደርስበት ደርሷል። ስለ እሱ አትጨነቂ።"

"ስለ ቆቡስ?"

የቆቡን ነገር ለእሷ ተዉት። "እሷ ሳትሰማ መቃብሩ አይከፈትም" አሉ በመጨረሻ። "ሰምታ እምቢ ካለችም አልከፍተውም። መናገሩ ያንቺ ነው።"

ስመለስ ጋሼ ሰይድን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ፊቴን አይተው ገባቸው።

"ዶማዬ ያረፈበትን ቦታ አልረሳም" አሉ። "ትናንት መንጋጋውን ሳይ ነው ያወቅሁት። እና እኛ ሦስት ቀን ሙሉ ንፍሮ የቆረጠምነው ለሽኮኮ ነው?"

ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። እሳቸውም አዩኝና ሳቃቸውን ተዉት። "አባትሽ ወንድሜ ነበር" አሉ። "ያኔም የተቀመጥኩት ለእሱ ነው። ዛሬም ቢሆን እቀመጣለሁ።"

ያን ቀን ለእናቴ መንገር አቃተኝ። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ከቤቷ ፊት ካለው ዋንዛ ሥር ተቀመጠች። መቁጠሪያዋን ይዛለች። እኔ ቆሜ ቅጠል እለቅማለሁ።

"ተቀመጪ" አለችኝ። "ከዓርብ ጀምሮ ዓይኔን አላየሽም። ምን ሆነሻል?"

ተቀመጥኩ። "እምዬ፣ ያ የቀበርነው አጥንት..."

"ምን ሆነ?"

"የሰው አይደለም።"

መቁጠሪያው እጇ ላይ ቆመ።

"ታዲያ የምን ነው?"

"የአውሬ ነው። የጥንት ሽኮኮ ይመስላል ይላሉ።"

ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብዬ እጇን ያዝኩ። ቀና ስትል ግን እየሳቀች ነው።

"ሽኮኮ!" አለች። "እኔስ የበሬ መስሎኝ ነበር።"

የያዝኩትን እጇን ለቀቅኩ።

"ታውቂ ነበር?"

"የአባትሽ እግር ይጠፋኛል እንዴ? ገና ሳያገባኝ ከዛፍ ወድቆ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው አጣሞ ጠገነው። በክረምት ሲያመው በቅቤ የማሸው እኔ ነኝ። ያ ግን ቀጥ ያለ ነበር።"

"ታዲያ ለምን እሱ ነው አልሽ?"

ሳቋ ጠፋ። ቁልቁለቱን እያየች ነገረችኝ። በዚያው በክፉ ቀን፣ ከአባቴ ጋር የወረደ አንድ የውርጌሳ ሰው ተመልሶ ነበር። አባቴ ሐራ ሳይደርስ መንገድ ላይ ደከመ። ሰውዬው ውኃ ፍለጋ ሄዶ ሲመለስ ሞቶ አገኘው። ሊቀብረው ጉልበት አልነበረውም። ጥቂት ድንጋይ አልብሶት ሄደ።

"ሳይቀበር ቀረ ብዬ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ልንገር?" አለች። "ማታ ማታ እዚያ በር ላይ ስትቆሚ አይሻለሁ። ትደግና እነግራታለሁ አልኩ። አደግሽ። ስታድጊ ደግሞ እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽኝ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ቆብ ብደፋም መሞቱ ይገባሻል። ስለዚህ ተውኩት።"

"ሠላሳ ዓመት?"

"ያን ቀን ያን አጥንት ታቅፈሽ አባቴ ስትዪ፣ እኔ ልሰጣት ያልቻልኩትን እግዚአብሔር ሰጣት አልኩ። መቃብር አገኘሽ። ምን ብዬ ልንጠቅሽ? ለንስሐ አባቴ ተናዝዤዋለሁ፤ ቀኖናዬንም ጨርሻለሁ። ለመምሬ ዓለሙ ግን አልነገርኳቸውም፤ ይስቁብኛል ብዬ።"

እኔ ለእሷ ስል ልደብቅ የነበረውን እሷ ለእኔ ስትል ደብቃ ኖራለች። ጉልበቷ ላይ ግንባሬን አሳረፍኩ። ራሴን ዳበሰችኝ።

ሰኞ ጧት በእናቴ ፈቃድ መቃብሩ ተከፈተ። መምሬ ዓለሙ፣ ጋሼ ሰይድ፣ መምህሩ፣ ማርታ፣ እናቴና እኔ ነበርን። ማርታ ያን ጊዜ ነበር ለመምህሯ የነገረችው። ሲሰማ ባርኔጣውን አውልቆ ለእናቴ ጎንበስ አለ። አጥንቶቹን ከከፈን አውጥተው ንጹሕ ሸራ ላይ አጋደሙ። ማርታ ከገደሉ የወጣውን የዳሌ አጥንት አመጣች። ለመጠበቂያ በጄሶ ተጠቅልሎ፣ የእግሩ አጥንት የሚገባበት ጉድጓድ ብቻ ይታያል። የረጅሙን አጥንት ድቡልቡል ራስ ወደ ጉድጓዱ አስጠጋች። ገባ። በልኩ ተቀመጠ።

"ገጠመ" አለች ማርታ፤ እንባዋ ወረደ።

እናቴ ተጠግታ አየችው። "ምን ያለ ውብ ሥራ ነው" አለች። "ተመስገን።"

መምሬ ዓለሙ አፈሩን ሊመልሱ አካፋ ሲያነሡ "ቦታው ለእኔ ይቆየኝ" አለቻቸው።

"ገና ነዎት እማሆይ" አሏት።

"አልቸኮልኩም። ሽኮኮ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው።"

መምሬ እስኪያስላቸው ሳቁ።

አጥንቶቹ አሁን አዲስ አበባ ናቸው። ማርታ በእነሱ ላይ ጽፋ ተመርቃለች። የእንስሳውን ትክክለኛ ወገን ገና እየመረመሩ ነው። እሷንና መምህሯን ስሰማ የሚገርመኝ፣ "አላወቅንም" ለማለት አለመፍራታቸው ነው። እኔ በሕይወቴ ይህን ቃል ስሸሽ ኖሬአለሁ። ካለማወቅ ድንጋይ ማቀፍ ይሻለኝ ነበር።

አንባቢዬ፣ ለምትወዱት ሰው ስትሉ የያዛችሁት ዝምታ ካለ፣ ያም ሰው ለእናንተ ሲል ዝም ብሎ ይሆናል። ቀድማችሁ ጠይቁ። እኛን ያገናኘን የአንዲት ልጅ ሐቀኝነትና ከኛ በፊት የኖረ አንድ ፍጥረት ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች ስለሆነ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ከፋሲካ በኋላ፣ እናቴና እኔ መኪና ይዘን ወደ ሐራ ወረድን። ሰውዬው የነገራትን ምልክት ታስታውሳለች፤ አንድ ደረቅ ወንዝ፣ አንድ ትልቅ ግራር። ወንዙን አገኘነው። ግራሩ የለም። ሜዳው ታርሷል፤ ለባቡር ሐዲዱ የተቆለለው አፈር ማዶ ይታያል። ወረድንና ጥቂት ተራመድን። ከማሳው ጥግ ጥግ ድንጋይ ተሰብስቧል፤ የትኛውም ሊሆን ይችላል፤ የትኛውም ላይሆን ይችላል።

"እዚህ ጋ ነው እምዬ?" አልኳት።

ዙሪያውን አየች።

"እንጃ ልጄ። አላውቅም" አለች።

እኔም አንዱንም ድንጋይ አልመረጥኩም። እናቴ ነጠላዋን አመሳቅላ በሜዳው መሀል ቆመች፤ እጄን ያዘችኝ። የአባቴን ስም ጠራች። ከዚያ እዚያው ቆመን፣ በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እሱ አብረን አለቀስን።